ምዕራፍ 7፦ የሸራ ቅኝት

ክራር ያዢው ትዝታን ተጫውቶ ወደ ባቲ ሊያልፍ ሲል እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቀንበሩ ነው። አንዱን አውታር ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ ያደርጋል፤ በጣቱ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ እንደገና ይነካካዋል። ክራሩ ያው ክራር ነው። ቆዳውም፣ እንጨቱም፣ የአውታሮቹም ቁጥር አልተለወጠም። የተለወጠው ውጥረቱ ብቻ ነው፤ ከዚያች ትንሽ ለውጥ ግን ሌላ ዜማ ይወጣል። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ያደገ ጆሮ ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም። በዚህ ምዕራፍ የምናየው ሸራም እንዲሁ ቅኝት ያለው ዕቃ ነው።

ዊንድሰርፊንግ የሚባለው ስፖርት አንድ ሰው በአጭር ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ሰሌዳው ላይ የተተከለውን ሸራ በሁለት እጁ ይዞ፣ በንፋስ ጉልበት ውሃ ላይ የሚሄድበት ነው። ሆይል ሽዋይዘርና ጂም ድሬክ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ሰዎች የፈጠራ መብት ማመልከቻቸውን ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር፤ ስፖርቱ በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ። የሥራቸው ዋና ነገር ምሰሶው ሥር ያለው፣ ወደፈለጉት አቅጣጫ የሚታጠፈው መጋጠሚያ ነው። የጀልባ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ተተክሎ ይቀራል፤ የዚህኛው ግን በሰውየው ክንድ ላይ ነው የሚቆመው። ሰሌዳው መሪም የለውም። ሸራው ወደፊት ሲዘነብል ሰሌዳው ከንፋሱ ይሸሻል፤ ወደኋላ ሲዘነብል ወደ ንፋሱ ይዞራል።

ከባሕር መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ጉለሌ ለሚኖር አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ነገሩን ለመረዳት የሚያስፈልጉን ምስክሮች እዚያው ሰፈር ውስጥ አሉ፤ የቀጨኔ ወንዝ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ። እነሱን እየጠራን የምንሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፦ የሸራ ጥሩነት የሚለካው ንፋስን አጥብቆ በመያዙ ሳይሆን፣ ሲበዛበት በትክክለኛው ቦታ በመልቀቁ ነው።

ቀጨኔ ሲታጠፍ

ሸራ እንዴት እንደሚሠራ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ንፋሱ ከኋላ ይገፋዋል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትንሽ እውነት አለበት፤ ግን ብዙ ይጎድለዋል። ንፋስ ከኋላ እየገፋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው ከራሱ ከንፋሱ ሊቀድም ባልቻለ ነበር፤ የሚገፋን ነገር ቀድሞ የሚሄድ የለምና። ዊንድሰርፈሮች ግን በጣም የሚፈጥኑት ንፋሱ ከጎናቸው ሲመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፍጥነታቸው የንፋሱን ይበልጣል። ስለዚህ የምንፈልገው ማስረዳት ሌላ መሆን አለበት።

በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደውን የቀጨኔን ወንዝ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ውሃው ቀጥ ብሎ በሚወርድበት ቦታ ዳርና ዳሩን አይጎዳም። በሚታጠፍበት ቦታ ግን የውጪውን ዳር ይበላዋል፤ አፈሩ ይናዳል፣ ድንጋዩ ይገለጣል፣ አጥር የነበረው ይንጠለጠላል። ውሃው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልግ ነበር፤ ዳሩ አስገድዶ አጠፈው፤ ውሃውም በአጸፋው ዳሩን ገፋው። ሸራ ለንፋስ እንደዚያ የወንዝ ዳር ነው። ከጎን የሚመጣው ንፋስ በሸራው ቅስት ተመርቶ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር ሸራውን ወደ ሌላው ወገን ይገፋዋል። በሁለተኛው ምዕራፍ አየር ክብደት ያለው ነገር መሆኑን ያየነው ለዚህ ነበር፤ ክብደት የሌለውን ነገር ማጠፍ ምንም ኃይል አይሰጥምና። ሰሌዳው ሥር ያለው ፊን፣ ማለትም የዓሣ ክንፍ የመሰለው ስስ ሰሌዳ፣ ወደጎን መንሸራተቱን ይከለክላል፤ የቀረው ኃይል ወደፊት ይሄዳል።

የጉልበቱ ሂሳብ

እዚህ ላይ አንድ ሂሳብ ማለፍ አይቻልም፤ ክርክራችን በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ እጥፍ ሆኖ አይቀርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፈጠነው ንፋስ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሸራው ላይ የሚያደርሰው አየር እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣትም በእጥፍ ፍጥነት ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት። ንፋሱ በሰዓት ከ30 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢዘል፣ ለጆሮ ብዙም የማይለየው ለውጥ፣ ሸራው ላይ የሚያርፈው ኃይል በ78 በመቶ ያህል ያድጋል። የሸራው ስፋት ግን እንዲህ አይዘልም። ማዕበል ላይ የሚጫወት ሰው 5.3 ካሬ ሜትር ሸራውን አውልቆ 4.0 ካሬ ሜትሩን ቢሰቅል፣ ኃይሉ ሳይጨምርበት የሚቋቋመው የንፋስ ጭማሪ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከ35 ወደ 40 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በሂሳቡ ብቻ ብንሄድ ለአንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ሸራ ተሸክሞ መሄድ ያስፈልግ ነበር። እውነተኛው ሰው ግን ሦስት ወይም አራት ሸራ ይዞ ዓመቱን ይጨርሳል። በሂሳቡና በሰውየው መካከል ያለውን ይህን ትልቅ ክፍተት የሚሞላ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

የአየሩ ክብደትም የራሱ ድርሻ አለው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ2,500 ሜትር ከፍታ፣ የጉለሌን ሰፈሮች በሚያህል ቦታ፣ ከአምስት እጅ አንዱ የለም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኘው እንጦጦ ራስ ላይ ሩብ ያህሉ ጎድሏል። የላንጋኖ ሐይቅ 1,580 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ሸራ የሚዘረጋ ሰው በባሕር ዳር 4.0 ካሬ ሜትር ለሚበቃው ፍጥነት 4.7 ያህል ይፈልጋል። የደጋ ንፋስ ድምፁ የበረታ፣ ክንዱ ግን የቀለለ ነው።

ድርና ማግ

ሸራ ከምን ይሠራ? መልሱን ለማግኘት ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ ነጠላ አንስቶ መሞከር ነው። ሸማውን በድሩ አቅጣጫ፣ በርዝመቱ፣ ቢስቡት እምቢ ይላል። በማጉም፣ በስፋቱ፣ ቢስቡት ብዙም አይሰጥም። ከጥግ ወደ ጥግ፣ በሰያፍ ሲስቡት ግን ይለጠጣል፤ አራት ማዕዘን የነበረው ጥልፍልፍ ተጋድሞ እንደ ተገፋ ሳጥን ይጣመማል። ይህ የሸማኔው ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ነጠላ በትከሻ ላይ እንዲያ ደስ በሚል መንገድ የሚወድቀው ለዚህ ነው። የድርና የማግ ጥበብ የትም ቢሠራ ይህ ባሕርይ አለው።

ለሸራ ግን ይህ መከራ ነው። ንፋስ ድሩንና ማጉን እየመረጠ አይገፋም። ሰውየው ሸራውን ከሚይዝበት እጀታ ወደ ምሰሶው አናት የሚሄደው ትልቁ ውጥረት ሰያፍ ነው፤ በጣም የሚለጠጠውም ያ መስመር ነው። የመጀመሪያዎቹ የዊንድሰርፊንግ ሸራዎች የተሸመነ የፖሊስተር ጨርቅ ነበሩ፤ ንፋስ ሲበረታ ሆዳቸው እየተነፋ ወደኋላ ይሸሽ ነበር። ኃይሉ መቀነስ በሚገባው ሰዓት ቅርጹ ተበላሽቶ ኃይሉ ይጨምር ነበር ማለት ነው። በኋላ ሠሪዎቹ ወደ ሌላ ነገር ዞሩ፤ ድርም ማግም የሌለው፣ እንደ መስኮት የሚያሳልፍ የፖሊስተር ስስ ንጣፍ። ማዕበል ላይ ለሚውሉት ሸራዎች ደግሞ በሁለት ንጣፍ መካከል ክሮች በሰያፍ ተጋድመው ይጣበቃሉ፤ ነጠላው በደከመበት አቅጣጫ በኩል ክር ተጨመረ ማለት ነው። ውጤቱ የማይለጠጥ ሸራ ነው። እንግዲህ ካልተለጠጠ፣ ካልተነፋ፣ ንፋሱ ሲበዛበት እንዴት ይለቃል? በጨርቁ መላላት ሳይሆን በምሰሶው መታጠፍ ነው።

ሁለት ገመዶች

ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቷል እንበል። የፊተኛው ጠርዙ ረጅም ኪስ ነው፤ ከካርቦን የተሠራው ምሰሶ በዚያ ውስጥ ይገባል። ምሰሶው ቀጥ ያለ ነው፤ ኪሱ ግን በቅስት ነው የተሰፋው። ስለዚህ ሁለቱ አይስማሙም፤ ሸራው ተሸብሽቦ ይተኛል። ከምሰሶው ሥር አንድ ገመድ በትንንሽ መዘውሮች መካከል ስድስት ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ሰውየው እግሩን ምሰሶው ሥር አስደግፎ፣ በሙሉ ክብደቱ ወደኋላ ተጋድሞ ይስባል። ምሰሶው ጥጥ እንደሚነደፍበት ደጋን ይጎብጣል፤ ሽብሽቡ ይጠፋል። ይህን የቁልቁል ገመድ እንበለው። ሁለተኛው፣ የጎን ገመድ፣ የሸራውን የኋላ ጥግ ወደ እጀታው ጫፍ የሚስበው ነው፤ እሱ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል።

አሁን የሚሆነው ነገር ከግምት ውጭ ነው፤ ለጀማሪ ሁሉ ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው። የቁልቁሉን ገመድ ይበልጥ በሳቡት ቁጥር የሸራው የላይኛው የኋላ ጠርዝ ይላላል። ምሰሶው ሲጎብጥ አናቱ ወደኋላ ይሄዳል፤ አናቱና የኋላው ጥግ ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው ተወጥሮ የነበረው ጠርዝ ትርፍ ያገኝና ይንጠለጠላል። አላዋቂ ሰው አይቶ «ይሄ ሸራ አልተወጠረም» ይላል። ሠሪዎቹ ግን ላላው ክፍል እስከየት መድረስ እንዳለበት ብዙ ጊዜ ሸራው ላይ ምልክት አትመው ይሰጣሉ። የአንድ ወይም የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ውሃ ላይ ይታወቃል።

ያ የላላ ጠርዝ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ማየት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ጋራውን ያለበሰው ይህ ዛፍ የየካቲትና የመጋቢት ንፋስ ሲመጣበት ግንዱ ታች ቆሞ ጫፉ ይጋደማል። ጫፉ በተጋደመ ጊዜ ንፋሱ ያልፈዋል፤ ያለፈው ንፋስ ግንዱን አይገፋም። ሸራውም ድንገተኛ ንፋስ ሲመታው ላዩ ይከፈትና ይጠማዘዛል፤ እዚያ የነበረው ኃይል ያመልጣል፤ ታችኛው ክፍል ቅርጹን ጠብቆ መሥራቱን ይቀጥላል። ትርፉ ሁለት ነው። ጠቅላላ ኃይሉ እንደ ሂሳቡ 78 በመቶ አይዘልም፤ ከዚህም ይልቅ የቀረው ኃይል ወደታች ይወርዳል። መሰላልን አናቱ ላይ የገፋና ወገቡ ላይ የገፋ ሰው ጉልበታቸው እኩል ቢሆንም ቶሎ የሚጥለው የቱ እንደሆነ ይታወቃል። በሂሳቡና በሦስት ሸራ ዓመት በሚጨርሰው ሰው መካከል ያለውን ክፍተት በብዛት የሚሞላው ይህ ጥምዝ ነው። ሸራው እንዲለቅ የሚነግረው ሰው የለም፤ ንፋሱ ራሱ ይከፍተዋል፣ ሲያልፍም ምሰሶው ይመልሰዋል።

የጎኑ ገመድ ሥራ ሌላ ነው፤ የሆዱን ጥልቀት ይወስናል። ጎድጓዳ ጭልፋ ብዙ ይቀዳል፤ ጠፍጣፋው ትንሽ። ገመዱ ላላ ሲል ሸራው ይጎደጉዳል፤ ደካማ ንፋስን አጥፎ ኃይል ያወጣል። ሲጠብቅ ይደለደላል፤ ንፋሱን ብዙ ሳያጥፍ ያሳልፋል። እዚህ ላይ የምይዘው አቋም ግልጽ ነው። ንፋሱ ሲደክም የቁልቁሉን ገመድ አላልቶ ጉልበት መፈለግ ስህተት ነው፤ ጠርዙ ይጠብቅና የኃይሉ ማዕከል በእያንዳንዱ ሽውታ ወደላይና ወደኋላ ይዋልላል፤ የኋላው ክንድ ይዝላል። የቁልቁሉን በምልክቱ አካባቢ ማቆየት፣ ለለውጡ ግን ቀድሞ የጎኑን መነካካት ይሻላል። ክራር ያዢም ቅኝት በለወጠ ቁጥር አውታሩን ሁሉ አይፈታም።

ሸራው ውስጥ አግድም የሚገቡት ዘንጎች ቁጥርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የማዕበል ሸራ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ዘንግ ይኖረዋል። አምስት ያለው ቅርጹን አጽንቶ ይይዛል፤ ሦስት ያለው ይቀላል፣ ቶሎም ይለቃል። ማዕበል ላይ መዞር ለሚወድ ሰው በመዞሪያው መካከል ኃይሉ ድንገት የሚጠፋ ሸራ መልካም ነው።

ሰፌድና ገበቴ

ወደ ሰሌዳው እንውረድ። ባለፈው ምዕራፍ የጣናው ታንኳ ከደንገል ተሠርቶ ለምን እንደሚንሳፈፍ አይተናል፤ አንድ ሊትር ውሃ የሚገፋ አካል አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። የማዕበል ሰሌዳ ይህን ሕግ አውቆ የሚጥስ ይመስላል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሰሌዳውና ከሸራው ጋር 90 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ የሚቆምበት ሰሌዳ ግን ብዙ ጊዜ 80 ሊትር ብቻ ነው። ዝም ብሎ ቢቆምበት ይሰምጣል። የሚያቆመው እንቅስቃሴ ነው፤ ልጆች ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃ ላይ ሲያነጥሩ ድንጋዩ ፍጥነት እስካለው ድረስ እንደማይሰምጠው ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየው ውሃ ውስጥ ተኝቶ ሸራውን ለንፋሱ ይሰጠዋል፤ ንፋሱ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ያቆመዋል።

ሰሌዳዎችን የሚለያያቸው ዋናው ነገር የሆዳቸው ቅስት ነው። ሰፌድ ወለል ላይ አስቀምጦ ቢገፉት ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል፤ ለማዞር ግን ሁለት እጅ ይጠይቃል። ታቹ ክብ የሆነ ገበቴ በአንድ ጣት ይሽከረከራል፤ ሲገፉት ግን ይንገዳገዳል እንጂ ሩቅ አይሄድም። ሆዱ ደልዳላ የሆነ ሰሌዳ እንደ ሰፌዱ ቶሎ ፍጥነት ይይዛል፤ የጎበጠው እንደ ገበቴው ባለበት ይዞራል። በሃዋይ ማዊ ደሴት ሆኪፓ በሚባለው ታዋቂ ዳርቻ ንፋሱ ከጎን፣ ማዕበሉ ትልቅና ጥርት ያለ ነው። ፍጥነቱን ማዕበሉ ራሱ ስለሚሰጥ ሰሌዳው ጠባብና የጎበጠ ቢሆን ይመረጣል። ንፋሱ ከባሕሩ ወደ ዳርቻው በሚነፍስበት፣ ማዕበሉ በተሰባበረበት ቦታ ደግሞ ፍጥነቱን ማምጣት ያለበት ሸራው ነው፤ ደልዳላውና ሰፋ ያለው ይሻላል። ታችኛው ፊንም በዚሁ መንገድ ይታያል። አንድ ረጅም ፊን ውሃውን ብዙ ሳይጎትት ይሰነጥቃል፣ ይፈጥናል። ሦስት ወይም አራት አጫጭር ፊኖች ትንሽ ይበልጥ ይጎትታሉ፤ በጠባብ መዞሪያ ላይ ግን ማዕበሉን ነክሰው ይይዛሉ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ጎበዝ ሰው በማንኛውም ሰሌዳ ይሄዳል፣ ሰነፍ ሰው በምንም አይሄድም፤ ታዲያ ስለ ሳንቲ ሜትር መነታረክ ምን ይጠቅማል? ተቃውሞው ክብር ይገባዋል፤ አዲስ ዕቃ በመግዛት ችሎታ የሚገዛ የሚመስላቸው ብዙ ናቸውና። ነገር ግን ምሳሌው የሚናገረው ስለ ጉልቻ ነው እንጂ ስለ እሳቱ አይደለም። ሰሌዳና ሸራ መለወጥ ጉልቻ መለወጥ ነው ቢባል እንኳ መቃኘት እሳቱን መመጠን ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። የጎበዙ ሰው ችሎታ ደግሞ ሲመረመር ትልቁ ክፍል ይኸው ነው። ንፋሱ ሲለወጥ ዳርቻ ወጥቶ ገመዱን በሁለት ሳንቲ ሜትር ያስተካክላል፤ ሌላው በደከመ ክንዱ ይታገላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ሸራው በራሱ የሚለቅ ከሆነ ለምን ትልቁን ሰቅሎ አይቀርም? አይሆንም፤ ጥምዙ የሚከፈተው ከላይ ነው። ትልቅ ሸራ የማይለቀው የታችኛው ክፍሉም ትልቅ ነው፤ ምሰሶውም ይረዝማል፣ ማዕበል ሲመጣ ለመገልበጥ ይከብዳል። ከዚህም ሌላ ከልክ በላይ እየለቀቀ የሚሄድ ሸራ ያመለጠው ክፍል ንፋስ የሚጎትተው ጨርቅ ብቻ ነው፤ ወደፊት አይወስድም። መልቀቅ ወሰን አለው፤ ስፋቱን በግምት ከመረጡ በኋላ የቀረውን ቅኝቱ ይሞላዋል።

አዳማ ላይ

የዚህ ሐሳብ ትልቁ ማሳያ አገራችን ውስጥ የሚገኘው፣ ሐይቅ ላይ ሳይሆን፣ ኮረብታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የአዳማ የንፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተመረቀው ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። በ2013 የተመረቀው የመቀሌው አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ሲሆን 84 ተርባይኖች አሉት፤ ሠላሳው ባለ ሁለት ክንፍ፣ የቀሩት ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው። ሰሌዳን በፊኑ ቁጥር እንደሚያወዳድሩት ሁሉ መሐንዲሶችም እነዚህን ያወዳድራሉ፤ ሁለት ክንፍ ያለው ይቀላል፣ ሦስት ያለው ረግቶ ይዞራል።

ተርባይንን ከሸራ ጋር ዘመድ የሚያደርገው ግን የክንፉ መጠማዘዝ ነው። ክንፉ ከሥሩ እስከ ጫፉ የተጠማዘዘ ሆኖ ይሠራል፤ ጫፉ ከሥሩ በጣም ስለሚፈጥን ንፋሱን በሌላ ማዕዘን ይገናኘዋልና። ንፋሱ ተርባይኑ ከተሠራለት ልክ ሲያልፍ ደግሞ ሸራው በምሰሶው መጉበጥ የሚያደርገውን ተርባይኑ በሞተር ያደርገዋል። በአዳማ መንገድ የሚያልፍ ተሳፋሪ ኃይለኛ ንፋስ ባለበት ቀን ቀና ብሎ ቢያይ ክንፎቹ በዚያው በረጋ ፍጥነታቸው ሲዞሩ ነው የሚያገኛቸው፤ እያንዳንዱ ክንፍ ግን በራሱ ዘንግ ላይ ጥቂት ዲግሪ ዞሮ፣ የበዛውን ንፋስ በጎኑ እያሳለፈው ነው።